የሁለት አዝማሪዎች ሒሳብ

ጨዋታ ሲባል ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ኳስና ስለ ሩጫ፥ ወይም ስለ ገበጣና ስለ ካርታ ነው። ከእነዚህም ውስጥ አንዱን እንኳ ያለ ሕግ የሚጫወተው የለም። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ሲዘራ አንድ ጉድጓድ ዘሎ ቢያልፍ ባላጋራው ወዲያው እጁን ይይዘዋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንድ እንግዳ ጨዋታ ነው፤ ከዚያም ጨዋታ ሕግ ውስጥ ስለ አንዲት ጠባብ ጥያቄ ነው። ጥያቄዋም ይህች ናት፤ አንድ ጦረኛ ጠላቱን በመታ ጊዜ ከልዩ ልዩ ወገን የሚያገኛቸው የጉዳት ጭማሪዎች ሁሉ ይደመራሉን? ወይስ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል?

ውድ አንባብያን ሆይ! ይህ ጥያቄ ከንቱ እንዳይመስላችሁ እለምናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ባለ ብዙ ፊት ዳይስ ስንጥል ያዩን የክፍላችን ልጆች «ቁማር ነው እንዴ?» እያሉ ይጠይቁናል። ቁማር አለመሆኑን ለማስረዳት ስንሞክርም ነገሩ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ የባሰ ይሆንባቸውና ትተውን ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ብገልጠው ይሻላል ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ከዚህም ሌላ በዚችው ጥያቄ ምክንያት አንዲት ጓደኛችንን ልናጣ ጥቂት ቀርቶን ስለ ነበረ ነገሩ ሳይጻፍ እንዲቀር አልወደድሁም።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የደረሱት ሲሆን፥ በ1974 በዊስኮንሲን ግዛት ከምትገኘው ከሌክ ጄኔቫ ከተማ ታትሞ ወጣ። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ውስጥ ሆነው ይሸጡ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ሰዎች የሚጫወቱት ጨዋታ ሆኗል። ወደ እኛም የደረሰው ከጓደኞቼ የአንዱ የአክስት ልጅ ከሜሪላንድ ለክረምት ዕረፍት በመጣ ጊዜ አንድ ያረጀ መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ ትቶለት ስለ ሄደ ነው።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ዳኛ ይሆናል። ዳኛውም አገሩን፥ ዋሻውንና ጭራቁን በቃሉ እየተረከ ያቀርባል። የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ቦታ ይዘው ይጫወታሉ፤ አንዱ ጦረኛ፥ አንዱ ካህን፥ አንዱ ጠንቋይ፥ አንዱ ሌባ ይሆናል። ሰሌዳም ሆነ ጠጠር የግድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ወረቀት፥ እርሳስና ዳይስ ነው። ዳይሶቹም ባለ 4፥ ባለ 6፥ ባለ 8፥ ባለ 10፥ ባለ 12ና ባለ 20 ፊት ናቸው። ሰይፍ የሚመዝ ሰው በመጀመሪያ ባለ 20ውን ጥሎ መምታቱን ወይም መሳቱን ያውቃል፤ ከመታ ደግሞ ሌላ ዳይስ ጥሎ ምን ያህል እንደ ጎዳ ይቈጥራል። ያም ቍጥር ከጠላቱ የሕይወት ነጥብ ላይ ይቀነሳል። የሕይወት ነጥቡ ያለቀበት ይወድቃል።

በ1974ቱ መጽሐፍ መሠረት መሣሪያው ሰይፍም ቢሆን ጩቤ ጉዳቱ ከ1 እስከ 6 ነበረ። በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ግን መሣሪያዎች እንደየዓይነታቸው ልዩ ልዩ ጉዳት ተሰጣቸው፤ ጕልበታም ሰውም በጕልበቱ ልክ ጭማሪ አገኘ። እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በመሣሪያው ላይ ጕልበት ይጨመራል፤ በጕልበት ላይ የተደገመበት ሰይፍ ይጨመራል፤ በሰይፉ ላይ ደግሞ የካህኑ ጸሎት ይመጣል። ተጫዋች ደግሞ ተፈጥሮው ሆኖ ጭማሪ በላይ በላዩ መከመር ይወዳል። ይህን ስል ስለ ራሴ ጭምር ነው፤ እኔ የምጫወተው ሌባውን ነውና።

የሌባ ነገር ከተነሣ ዘንድ ጥቂት ላቈይላችሁ። ሌባ ከኋላ አድፍጦ ሲመታ ጉዳቱ ከሌላው ሰው ይበልጣል። በ1989 በወጣው በሁለተኛው እትም ጀማሪ ሌባ ጉዳቱን በ2 ያበዛ ነበር፤ እየበረታ ሲሄድም በ3፥ በ4፥ በመጨረሻም በ5 ያበዛል። ነገር ግን የሚበዛው የመሣሪያው ጉዳት ብቻ ነው፤ የጕልበትና የድግምት ጭማሪ የሚገባው ከተባዛ በኋላ ነው። በዚህች በአንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ትልቅ ነገር አለ። መሣሪያው 6 ቢወጣለት፥ ጭማሪውም 4 ቢሆንና በ3 ቢበዛ፥ በሕጉ 6 ጊዜ 3 ሲደመር 4፥ ማለት 22 ይሆናል። ሁሉን ደምሮ የሚያበዛ ሰው ግን 30 ይላል። የ8 ነጥብ ልዩነት በዚህ ጨዋታ የአንድ ሰው ነፍስ ነው።

በ2000 ሦስተኛው እትም ወጣ። አሳታሚው በ1997 የቀድሞውን ድርጅት የገዛው «ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት» ሲሆን፥ ጸሓፊዎቹ ጆናታን ትዊት፥ ሞንቲ ኩክና ስኪፕ ዊልያምስ ነበሩ። እኛ ያለን መጽሐፍም ይኸው እትም በ2003 ታርሞ የወጣው ነው፤ ተጫዋቾች «ሦስት ነጥብ አምስት» እያሉ ይጠሩታል። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ነገር በእኔ አስተያየት በጣም የሚደነቅ ነው። ለጭማሪ ሁሉ ወገን ሰጡት። አንዱ የወኔ ጭማሪ ነው፤ አንዱ የዕድል፥ አንዱ የማሻሻያ፥ አንዱ የቅድስና፥ አንዱ የማስተዋል ነው፤ ሌሎችም አሉ። ከዚያም አንድ ሕግ አወጡ፤ የአንድ ወገን ጭማሪዎች አይደመሩም፥ ከመካከላቸው የሚበልጠው ብቻ ይቈጠራል። ልዩ ልዩ ወገን የሆኑት ግን ሁሉም ይደመራሉ። ወገን ያልተሰጠው ጭማሪም፥ ሁለት ጊዜ ከአንድ ምንጭ ካልመጣ በቀር፥ ይደመራል።

ምሳሌ ልስጥ። ጦረኛችን 1 የማሻሻያ ጭማሪ ያለው ሰይፍ አለው። ካህኑ በዚያው ሰይፍ ላይ 2 የማሻሻያ ጭማሪ የሚሰጥ ድግምት ቢደግምበት ሰይፉ 2 ይሆናል እንጂ 3 አይሆንም። ነገር ግን ያው ካህን የዕድል ጭማሪ የሚሰጥ ጸሎት ቢጸልይ 1 ይጨመራል፤ ዕድልና ማሻሻያ ወገናቸው የተለየ ነውና። ጦረኛው ጕልበቱን የሚያጠነክር ድግምት ቢያገኝ ደግሞ የጕልበቱ ጭማሪና የሰይፉ ጭማሪ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ምንም እንኳ ሁለቱም «ማሻሻያ» ቢባሉ አንዱ ያሻሻለው ክንዱን፥ ሌላው ያሻሻለው ብረቱን ነው። ይህን ለመረዳት እኛ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል።

ማባዛትም የራሱ ሕግ አለው። በዚህ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ እጥፍ ማለት አራት እጥፍ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ነው። በፈረስ እየጋለበ በረጅም ጦር የሚወጋ የሠለጠነ ፈረሰኛ ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ይሆንለታል፤ ያው ጦር ዋና ሥፍራ ላይ ቢያርፍ ደግሞ በራሱ ሦስት እጥፍ ነው። እንደ ሒሳብ መምህራችን ብናሰላው 3 ጊዜ 3፥ 9 ነው። በመጽሐፉ ግን 5 ነው። ምክንያቱም ሁለተኛው ማባዣ የሚጨምረው ከራሱ 1 ተቀንሶለት ነው። የሒሳብ መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ «ይህ ሒሳብ አይደለም፥ ድርድር ነው» አሉ። እኔም ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ወደ አዝማሪዎቹ ልመለስ። በእንግሊዝኛው «ባርድ» የሚባለው ሰው በእኛ አገር ሲመጣ ያለ ጥርጥር አዝማሪ ነው። መሰንቆ ባይኖረውም ዘፍኖ ጦር ያስነሣል፤ ዘፈኑን የሰማ ወዳጅ ሁሉ ወኔው ይነሣሣና ሲመታም ሲጎዳም ጭማሪ ያገኛል። ስምንተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ አዝማሪ የሚሰጠው ጭማሪ 2 ነው። ሀገራችን በፉከራና በቀረርቶ የምትታወቅ ስለ ሆነች ይህን ክፍል ስንማር ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። የጨዋታው መጽሐፍ በሩቅ አገር የተጻፈ ቢሆንም ይህ ገጽ ብቻ ከእኛው ሰፈር የተጻፈ ይመስላል።

በቡድናችን ውስጥ ከመጀመሪያው አንዲት አዝማሪ ነበረችን። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደግሞ ከደሴ ወደ ትምህርት ቤታችን የተዛወረች አንዲት ልጅ ወደ ክፍላችን ገባች። በክፍል ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበረም፤ በዕረፍት ሰዓትም ብቻዋን ነበር የምትቀመጠው። አንድ ቀን የጨዋታውን ዳይስ አይታ ምንነቱን ጠየቀችን፤ እኛም ለቅዳሜ ጠራናት። የምትጫወተውን ሰው እንድትመርጥ በተባለች ጊዜ ሳታመነታ «አዝማሪ» አለች። ድምፅዋ ያማረ ነው፤ በተራዋም ጊዜ «ዘፈንሁ» ብላ አታልፍም፥ በእውነት ታንጐራጕራለች። የጓደኛችን አያት እማማ እንኳ ቡና እያፈሉ ከጓዳ ሆነው «ማናት እሷ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ነገር ግን የሁለቱም አዝማሪዎች ዘፈን የወኔ ጭማሪ ነው። የአንዷ 2 ነው፤ የሌላዋም 2 ነው። ሁለቱ ሲዘፍኑ የሚገኘውም 2 ነው።

ይህ ለአንድ ቅዳሜ ያስቃል። ለአምስት ቅዳሜ ግን አያስቅም። እሷ በዘፈነች ቍጥር ዳኛችን በትሕትና «አስቀድሞ ወኔ አለ» ይላታል። በአምስተኛው ቅዳሜ ወረቀቷን አጥፋ፦ «እኔ ብዘፍንም ባልዘፍንም ልዩነት ከሌለው የምመጣው ለምንድን ነው?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ይህም ነገሩን አባሰው። እማማ ከጓዳ ወጥተው ነገሩን ከሰሙ በኋላ «እንዴት ነው ምርቃት በዝቶ የማይጠቅመው? እኔ ስመርቃችሁም አባታችሁ ሲመርቋችሁም አሜን ትሉ የለም እንዴ?» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ጦረኛውን የሚጫወተው ልጅ፥ እሱ ለጋስ ነው፥ «ሕጉን እንተወውና ይደመር» አለ። እኔም አስቀድሞ ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ዳኛችን ግን እርሳሱን አንሥቶ ማስላት ጀመረ። አምስት ሰዎች ነን፤ በስምንተኛው ደረጃ እያንዳንዳችን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ መምታት እንችላለን፤ ምቱ ሁሉ ቢያርፍ 10 ምት ነው። የአንዲት አዝማሪ ዘፈን በዙር 20 ነጥብ ይጨምራል ማለት ነው። ሁለቱ ቢደመሩ 40፥ ሦስተኛ ብትመጣ 60 ይሆናል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚገኘው የኮረብታ ግዙፍ ሰው የሕይወት ነጥቡ 102 ነው፤ እንግዲህ ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ በጭማሪው ብቻ ያልቃል። «ከዚያ በኋላ» አለ ዳኛው፥ «ካህን የሚሆን ማን ነው? ሌባ የሚሆንስ?» ወደ እኔ ተመለከተ። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ዘፈን ለመማር አስቤ ነበር።

ስለዚህ ሕጉ እንዳለ ጸና። እኔም ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ፤ ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ሥራ የሚነዳ ሕግ ጠረጴዛውን ባዶ ያደርገዋልና። ነገር ግን ትክክለኛነቱ እሷን አላጽናናትም፤ እኛንም አላጽናናንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣ እንደ ሆነ ማንም አላወቀም።

መጣች። በአንጻሩ የመጀመሪያዋ አዝማሪ ጉንፋን ይዟት ቀረች።

የዚያን ቀን ያጋጠመን ያ የኮረብታ ግዙፍ ሰው ነው። ውጊያው ከምሳ ሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቈየ። ካህናችን 6 የሕይወት ነጥብ ብቻ ቀርቶት ከግዙፉ እግር ሥር ተንበርክኳል። የግዙፉ ዱላ ሁለት ባለ 8 ዳይስና 10 ነው፤ ከሁሉ ያነሰው ምቱ እንኳ 12 ነው። ከዜሮ በታች 10 የደረሰ ሰው ይሞታል። የግዙፉ ተራ የሚመጣው ከጦረኛው ቀጥሎ ነበር። ከካህኑ ጋር አንድ ዓመት ያህል ተጫውተናል፤ የእሱን ሰው የሣለበት ወረቀት በቡና ተነክሮ፥ በላጲስ ተፍቆ እንደ ብራና ሆኗል። አዲስ ሰው መሥራት ይቻላል፤ ያው ሰው ግን አይመለስም። ልጁም ሳያስበው ወረቀቱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

ጦረኛው ባለ 20ውን ጣለ። 20 ወጣ! የማረጋገጫውንም ጣለ፤ እሱም አረፈ። ዋና ሥፍራ መታ ማለት ነው፤ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ዳኛው በዚህ ጊዜ የግዙፉ ቀሪ ነጥብ 24 መሆኑን ገለጠልን።

የጦረኛው ሰይፍ እሳት የሚነድበት ሰይፍ ነው። በተራ ጊዜ አንድ ባለ 8 ዳይስ፥ ከጕልበቱ 4፥ ከሰይፉ 1፥ በዚያም ላይ ለእሳቱ አንድ ባለ 6 ዳይስ ይጥላል። በእኛ መጽሐፍ ምት እጥፍ ሲሆን ዳይሱና የተወሰነው ጭማሪ እጥፍ ይሆናሉ፤ የእሳቱ ዳይስ ግን ጭማሪ ዳይስ ስለ ሆነ አይታጠፍም። እንደዚሁ የእኔም የስውር ምት አራት ዳይሶች አይታጠፉም፤ ይህን የምነግራችሁ በክርክሩ ውስጥ ጥቅም እንደ ነበረኝ እንድታውቁት ብዬ ነው። ጦረኛው ሁለቱን ባለ 8 ጣለ፤ 5ና 4፥ በአንድነት 9 ሆነ። የተወሰነው 5 ታጥፎ 10 ሆነ። እሳቱ 3 ወጣ። ድምሩ 22። ግዙፉ 2 ነጥብ ይዞ ቆመ።

ያን ጊዜ ጦረኛው ስልኩን አወጣ። እሱ በ2014 የወጣውን የአምስተኛውን እትም ሕግ በስልኩ ያነባል። በዚያ እትም በእንዲህ ያለ ምት ጊዜ የጉዳት ዳይሶች ሁሉ፥ የእሳቱም የስውሩም ሳይቀሩ፥ ሁለት ጊዜ ይጣላሉ፤ በ2024 በታረመውም እንዲሁ ነው። «ስለዚህ እሳቱን እደግማለሁ» ብሎ ማንም ሳይፈቅድለት ዳይሱን ጣለ። 6 ወጣ። «28! ወደቀ!» ብሎ ጮኸ። እኔም፥ ስለ ስውር ምቴ ስል፥ አጨበጨብሁ።

ዳኛው እስኪበርድ ጠበቀን። ከዚያም እንዲህ አለ፤ በአዲሱ መጽሐፍ ዳይሱ ይታጠፋል፥ የተወሰነው ጭማሪ ግን አይታጠፍም። በእኛ መጽሐፍ የተወሰነው ይታጠፋል፥ ጭማሪ ዳይሱ ግን አይታጠፍም። በአሮጌው ብንሄድ 9፥ 10ና 3፥ 22 ነው። በአዲሱ ብንሄድ 9፥ 5፥ 3ና 6፥ 23 ነው። በየትኛውም ግዙፉ አይወድቅም። 28 የሚሆነው ከሁለቱም መጽሐፍ የሚመቸውን ሲለቅሙ ብቻ ነው። በአንድ ቤት የወጡ ሁለት መጻሕፍት በዚህ ነገር ላይ ፊትና ጀርባ መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው ሚዛን አላቸው፥ ሲቀላቀሉ ግን ሚዛኑ ይሰበራል።

ሁላችንም ዝም አልን። ካህኑ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አኖረ።

በዚህ ጊዜ ሁለተኛዋ አዝማሪ፥ እጅዋን እንደ ክፍል ውስጥ ትንሽ ከፍ አድርጋ፥ «እኔ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እየዘፈንሁ ነው። ተቈጥሯል?» አለች።

ጦረኛው ወረቀቱን ተመለከተ። አልተቈጠረም። የገዛ ጭማሪውን መቍጠር የእያንዳንዱ ተጫዋች ፈንታ ነው፤ እሱም አምስት ቅዳሜ ሙሉ የእሷን ዘፈን ከሒሳብ ማውጣት ስለ ለመደ፥ የመጀመሪያዋ አዝማሪ ያልመጣች ዕለት ወኔ የለም ብሎ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት የሚበልጣትም ሆነ የሚተካከላት ወኔ ስላልነበረ የእሷ 2 ሙሉ 2 ነበር። የወኔ ጭማሪ ደግሞ የተወሰነ ጭማሪ ነው፤ የተወሰነ ጭማሪ ደግሞ በእኛ መጽሐፍ ይታጠፋል። ዳኛው በቀስታ ጻፈው፤ 9፥ ከዚያም 5ና 2፥ ማለት 7 ታጥፎ 14፥ ከዚያም 3። ድምሩ 26።

ግዙፉ ወደቀ። ጩኸታችንን የሰሙ እማማ የቡና ስኒ ይዘው ሮጠው መጡ፤ ማን እንደ ሞተም ጠየቁ። ካህኑ «እኔ አልሞትሁም፥ እማማ» አላቸው። እሳቸውም «ይህማ ይታያል» ብለው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ስለ መምጣትና ስለ መቅረት የተነሣ ነገር የለም። እሷ ግን በዚያ ብቻ አልረካችም። መጽሐፉን ለአንድ ሳምንት ወስዳ አነበበችው፤ በመጨረሻም አዝማሪ በስምንተኛው ደረጃ ሊያውቀው የሚችለውን የፍጥነት ድግምት አገኘች። ይህ ድግምት ወኔ አይሰጥም። የሚሰጠው በቦታው ጸንቶ ለሚዋጋ ሰው በያንዳንዱ ዙር አንድ ተጨማሪ ምት ነው፤ ለአምስታችንም ይበቃል፥ በቀን ውስጥ ግን ደጋግማ ልትደግመው አትችልም። የመጀመሪያዋ አዝማሪ ጉንፋኗ ለቋት በተመለሰች ጊዜ እሷ ዘፈነች፥ ሁለተኛዋ ደገመች። እያንዳንዱ ተጨማሪ ምት የዘፈኑን 2 ይዞ ሄደ። አምስት ተጨማሪ ምት ከነ መሣሪያው ጉዳት፥ በያንዳንዱም ላይ 2 ማለት ነው። ሁለቱ ዘፈኖች ሊያደርጉት ያልቻሉትን አንድ ዘፈንና አንድ ድግምት አደረጉት፥ ሕጉም አልተነካም።

ከሁሉ ይልቅ የተጠቀመው ሌባው መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በአምስተኛው እትም የስውር ምት በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በእኛ አሮጌ መጽሐፍ ግን ጠላት በሁለት ወገን እስከ ተከበበ ድረስ ባረፈ ምት ሁሉ ላይ ይቈጠራል። ሁለት የነበረው ምቴ ሦስት ሲሆን፥ በያንዳንዱ ላይ አራት ዳይስ ሲጣል፥ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ባለ 6 ዳይስ አልበቃ ብሎን ከጓደኛችን ታናሽ ወንድም የሉዶ ዳይስ እንለምናለን። ስለ ስልኩ ሕግ ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላልሁም።

ሁለቱ አዝማሪዎች አሁን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ውጊያ ከመጀመሩ በፊትም ማን እንደሚዘፍንና ማን እንደሚደግም በሹክሹክታ ይማከራሉ። ጦረኛው ከወረቀቱ ራስጌ ላይ «ወኔ፤ 2» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጽፏል። ዳኛችን ደግሞ ግዙፎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ማምጣት ጀምሯል።